ልብስ ሰፊዋ ያልነገረችኝ

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ መንቋቋቱን ተወ ወይስ አሁንም አብሮሽ ያወራል? እናታችንስ እንዴት ናት? መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ሥር ትደብቃለች? ጋሼስ፣ ልጆችሽስ፣ ሁላችሁም እንዴት ናችሁ? እኛ ሦስታችንም በአካል ደህና ነን። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ደስ አላለኝም ስትይኝ ጉንፋን ነው ብዬ ዋሽቼሻለሁ። ጉንፋን አልነበረም። አጠገቤ የማላምነው ሰው ተቀምጦ ስለነበር ነው። ያ ሰው ደግሞ የልጄ አባት ነው። አትደንግጪ፤ ከሥር ከመሠረቱ ልንገርሽ።

ለድንቡሼ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆናት። አንቺ ስታያት ገና ትድህ ነበር፤ ዛሬ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። የግራ እግሯ ካልሲ ይደረግላታል፣ የቀኙ አይደረግም። የአባቷን ቁልፍ ሩዙ ውስጥ ቀብራ፣ ቁልፉን ስንፈልግ ሰውዬው አረፈደና ተሳፋሪው ሁሉ ሲሰድበው ዋለ። የምታውቃቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ «እምቢ»፣ «የኔ»፣ «ውሃ»፣ ከዚያ ደግሞ «እምቢ»። አባቷ አውቶቡሱን ሊነዳ፣ እኔ የሆስፒታሉን አንሶላ ልተኩስ ጠዋት ስንወጣ፣ ከእኛ ሥር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖረው ልብስ ሰፊ ትተናት ነው የምንሄደው። ሴትዮዋ ወደ ስልሳ የተጠጋች ናት፤ ባል የላትም፣ ልጅ አልወለደችም፤ ንግግሯ ቁጥብ፣ ቤቷ የጸዳ። የእጅ ስፌቷ የተመሰከረለት ስለሆነ ከሩቅ ሰፈር ድረስ ቀሚስ ያመጡላታል። ስድስት ወር ሙሉ ልጄን ፊቷ ታጥቦ፣ ሆዷ ሞልቶ ስትመልስልኝ፣ ምን የመሰለ ጎረቤት ሰጠኝ እያልኩ አመሰግን ነበር።

ጥርጣሬው የገባኝ በእራት ሰዓት ነው። ድንቡሼ ስትጠግብ ማንኪያውን መወርወሯን ትታ፣ መዳፏን ደረቷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ወደ ላይ ዘረጋችው። ሳቅኩ። በማግስቱም ደገመችው። ቆይታ ደግሞ ውሃ ሲጠማት አውራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ማሳረፍ ጀመረች፤ «ውሃ» የምትለውን ቃል ጭራሽ ተወችው። ክፍል ስትገባ ወንበር ጎትታ ትወጣና መብራቱን ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ መልሳ ታበራለች። እኛን ስትፈልገን በመጣራት ፈንታ ወለሉን በእግሯ ትደበድባለች። ይህን ማን እንዳስተማራት ልብስ ሰፊዋን ብጠይቃት፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ ልጆች ሁሉ የራሳቸውን ነገር ይፈጥራሉ አለችኝ። ልጅ ያላሳደገች ሴት ይህን ከየት አወቀችው? እናታችን «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የምትለው ትዝ አለኝና ስንጥሬን መፈለግ ጀመርኩ።

የሚፈልግ ደግሞ አያጣም። አንድ ማታ የልጄን ፀጉር ሳሸት የጺም መላጫ ሳሙና ሸተተኝ። አባቷ እንደሆነ የሚላጨው በማሽን ነው። ከዚያ ወዲህ የሴትዮዋን በር ሳንኳኳ ጆሮዬን መጣል ያዝኩ። ወዲያው አትከፍትም፤ መጀመሪያ የጓዳው በር ይዘጋል፣ መቀርቀሪያው ቀጭ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ፈገግ ብላ የምትመጣው። አንድ ቀን ከመጋረጃው ሥር የወንድ ጫማ አየሁ፤ ቀለም የተቀባ፣ ትልቅ። ማየቴን ስታይ በእግሯ ገፋ አድርጋ ከመጋረጃው ጀርባ ሰደደችውና ስለ አየሩ ብርድ ታወራኝ ጀመር።

ይህን ሁሉ አብራኝ ለምትተኩሰው ሴት ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም። በቤት ውስጥ የተሸሸገ ወንድ ለደግ አይሸሸግም አለችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያ ቃል በእንፋሎቱ ውስጥ ሲዞርብኝ ዋለ። ማታ ልጄን ገላዋን ሳጥብ እያንዳንዷን ጣቷን፣ ጀርባዋን፣ ብብቷን እንደ ፖሊስ እመረምር ነበር። አንዲት ጭረት አላገኘሁም። አለማግኘቴም ራሱ አላሳረፈኝም።

ለባለቤቴ ብነግረው ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ፣ አንቺ ከጥላሽ ጋርም ትጣያለሽ ብሎ ነገሩን ዘጋው። እትዬ፣ ታውቂዋለሽ፤ ሌላ ጊዜ ስለ ልጁ ጉንፋን ብነግረው እንኳ ሦስት ጊዜ ነው ተነስቶ ግንባሯን የሚዳብሰው። ያን ቀን ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም። ጠዋት ጠዋት ልጅቷን የሚያደርሳት እሱ ነው፤ ደረጃው ላይ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩም ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲያ እሱንም መጠበቅ ጀመርኩ። ኪሱን ፈተሽኩ። አፍሬ ነው የምጽፍልሽ፣ ግን ፈተሽኩ። አንድ የገበያ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀትና የድንቡሼን የጠፋ ካልሲ አገኘሁ።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ሐሙስ ዕለት ነው። የሥራ ቤታችን ማሞቂያ ተበላሽቶ ከቀትር በፊት አሰናበቱን። ወደ ቤቴ አልወጣሁም፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ድንቡሼ ከሆዷ ስትስቅ ይሰማኛል። ሳቅ ብቻ ነው፤ የሰው ንግግር የለም። ከዚያ ወለሉ ይደበደባል፣ እንደገና ትስቃለች። አንኳኳሁ። መልስ የለም። ደግሜ አንኳኳሁ፣ በጡጫ መታሁት። ልጄ በሩ ሥር መጥታ «እምቢ» አለች፤ መክፈት እንዳልቻለች ገባኝ። ልብስ ሰፊዋን ስጠራት ድምፅዋ የለም። ያኔ በዚያ ቤት ውስጥ ከልጄ ጋር ያለው ሌላ ሰው መሆኑን ተረዳሁ። ልጄ ወለሉን በእግሯ መደብደብ ጀመረች።

መቀርቀሪያው ሲከፈት አንድ ሸበቶ፣ ረጅም ሰውዬ ቆሟል። በጥርሱ ክር ይዟል፣ በጣቱ የስፌት ቆብ አጥልቋል። ልጄ የሱሪውን እግር ጨብጣለች። መንጭቄ አቀፍኳትና ያፌን ሁሉ አወጣሁበት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ብቻ ጎረቤት ሁሉ በር ከፍቷል። እሱ አፌን አፌን እያየ ሁለት እጁን ከፍቶ አሳየኝና ወደ ኋላ ሄዶ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። ድንቡሼ ከእቅፌ ልትወርድ ትታገላለች፣ ትከሻዬን ነከሰችኝ። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ቀሚስ አድርሳ ስትመለስ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ ደረሰች።

«አይሰማም» አለችኝ። «ወንድሜ ነው። ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም። የፈለግሽውን ያህል ብትጮሂበት አይሰማሽም።»

ልጄን ስንት ቀን እንዲህ ጥላበት እንደወጣች ጠየቅኳት። አልዋሸችም፤ ለሩብ ሰዓት፣ ለሃያ ደቂቃ፣ ብዙ ቀን አለችኝ። ስፌቱን ቁጭ ብሎ የሚሠራው እሱ ነው፤ ሰው የሚያደንቅላት የእጅ ሥራ የእሱ ነው። ምልክቱ እሷና እሱ በልጅነታቸው የፈጠሩት ቋንቋ ነው፤ ድንቡሼ አጠገቡ ስትውል ያዘችው። በፊት በኖሩበት ሰፈር አራት ልጆች ትጠብቅ ነበር። ወንድሟ መኖሩ ሲታወቅ እናቶቹ አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ወሰዱ፤ አንዲቷም ምክንያቷን አልተናገረችም።

«ብነግርሽ ኖሮ ልጅሽን ትሰጪኝ ነበር?» አለችኝ።

ልጄን አቅፌ ደረጃውን ወጣሁ። እትዬ፣ አንቺን ልዋሽሽ አልችልም። አልሰጣትም ነበር።

ማታ ባለቤቴ ሲገባ ለመናገር አፌን ከመክፈቴ በፊት ፊቱ ነገረኝ። ከወር በፊት አውቋል። አንድ ጠዋት የጓዳው በር ሳይዘጋ ደርሶ ሰውዬውን አይቶታል፤ ሴትዮዋ እንዳይነግረኝ ለምናዋለች። ለምን ደበቅከኝ ብለው «እንዴት እንደምትሆኚ ስለማውቅ ነው» አለኝ። እንደምትሆኚ ያለው ልክ እንደሆንኩት ነው። ይህ ግን ቁስሌን አላሻረውም። ስለ ልጄ ሌላ ሰው የሚያውቀውን እኔ ሳላውቅ አንድ ወር ከእሱ ጋር በአንድ ትራስ ተኝቻለሁ። ሳምንት ያህል በጨው አቀብለኝ፣ በር ዝጋ ብቻ ነበር የምንነጋገረው።

ልጅቷን ሁለት ሳምንት ከቤት አስቀረኋት። እሱ የከሰዓት ፈረቃ ያዘ፣ እኔ የጠዋት፤ ደረጃ ላይ እንደ ዱላ ቅብብል ተቀባብለናታል። እሷ ግን በየቀኑ ወለሉ ላይ ተንበርክካ በመዳፏ ትደበድባለች። ከታች መልስ አይመጣም። ጆሮ የሌለው ሰው ይህን በእግሩ ይሰማው እንደሆነ አላውቅም፤ ሴትዮዋ ግን እንደምትሰማ አውቃለሁ። አብራኝ የምትተኩሰው ጓደኛዬ ልጅሽ አፍ ያልፈታችው በዚያ ሰውዬ ነው ብላ ሌላ እሳት ጫረችብኝ። ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኳት። ነርሷ ጆሮዋን አይታ፣ አጨብጭባ፣ አጫውታ ደህና ናት አለችኝ፤ እጇ የሚያውቀው ምላሷን አይቀማትም፣ ይልቅ የምትለውን ተማሪላት አለችኝ። ነርሷንም ጠርጥሬ ሌላ ነርስ ጠየቅኩ። ያችም ይህንኑ አለች።

ባለፈው ሰኞ ወርጄ አንኳኳሁ። ቅድመ ሁኔታዬን ተናገርኩ፤ የምትወጪ ከሆነ ልጅቷ ትከተልሽ፣ የጓዳው በር አይዘጋ፣ እኔ ደግሞ ባሻኝ ሰዓት እመጣለሁ። ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን ነክሳ ተስማማች። እንደተቀየመችኝ አያለሁ፤ ይገባታል። እኔም እንደተቀየምኳት ታያለች፤ ይህም ይገባኛል። ወንድሟ ምን እንዳልኩ በእጇ ስትነግረው አይቶ አንድ ጊዜ ብቻ አንገቱን ነቀነቀ።

እትዬ፣ ታርቄ አምኛለሁ ብዬ እንዳላታልልሽ። ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ፣ ሳልናገር፣ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ሌባ ለመያዝ እንደ ሌባ። የቤታቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ልብስ ሰፊዋ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ ይሰማል። ሰውዬው ወንበሩን ከጓዳው አውጥቶ ከደረጃው ወዲያው በሚታይበት ቦታ፣ ከበሩ ደፍ አጠገብ አኑሮታል። ይህን ማንም አላዘዘውም። ብርዱ ከደረጃው ይመታዋል፤ ኮቱን ደርቦ፣ ቀሚስ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይሰፋል። ድንቡሼ እግሩ ሥር ቁልፍ እየደረደረች ነው። ቀና ሲል ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ አየኝ። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ልጄን በደንብ እንዳያት ወንበሩን ትንሽ ዞር አደረገልኝና ወደ መርፌው ተመለሰ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ። ማሰሩ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

በይ እንግዲህ፣ እናታችንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታንብቢላት፣ እንቅልፍ ታጣለች። ለጋሼ አክብሮቴን አድርሽልኝ፤ ሳል ይዞታል ብለሽኝ ነበር፣ ለሐኪም ይታይ። ታላቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዳለፈ ሰምቼ ኮርቻለሁ በይው። ትንሿን ጸጉሯን ዳብሽልኝ። አክስቴንም እንደናፈቀችኝ ንገሪያት። ባለቤቴም እጅ ይነሳል፤ አሁን ጨው ከማቀበል አልፈን መነጋገር ጀምረናል። አንቺም የልብሽን ጻፊልኝ፤ ተሳስቼ ከሆነ ተሳስተሻል በዪኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ አላምነውም።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ጠረጴዛ
እሑድ ከቀትር በኋላ፣ መጋቢት 9 ቀን