ሁለቴ የሚረገጠው ፍሬን

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? አንቺስ፣ ባለቤትሽስ፣ ያ ድንቡሼ ልጅሽስ? ሳሉ ለቀቀው ወይስ አሁንም ሲስቅ ያፍነዋል? የአማትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ፣ ደረጃውን መውጣት ቻሉ? የመኝታ ቤታችሁ ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ ወይስ አሁንም ከባልዲ ጋር ነው የምትተኙት? ናፍቆትሽ እንዳለ ሆኖ እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ወገቧም ሰሞኑን ብዙ አላስቸገራትም። አባባም ጤናቸው ደህና ነው። ነገራቸው ግን ደህና አይደለም፤ ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩትም እሱን ላጫውትሽ ነው። እኔ ከተላጠው አውራ ጣቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ወረቀቱ ዳር ላይ ያለው ጥቁር አሻራ የእኔ ነው፤ ታጥቤ ታጥቤ እንዲህ የቀረው ነውና እንዳትፈርጂብኝ።

ከሰላምታው ቀጥሎ ልቆጣሽ ነው፣ ታናሽነቴን ለዛሬ እርሺው። ያንቺ ደብዳቤ በዚህ ቤት እንዴት እንደሚነበብ እያወቅሽ! እኔ የስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆሜ፣ አባባ እየሰፉ፣ እማዬ ጨርቅ እያጠፈች፣ ድምፄን ከስፌት መኪናው በላይ ከፍ አድርጌ ነው የማነበው። "በትምህርት ቤት እረፍት ልጁን ይዤ እመጣለሁ" ስል እማዬ የያዘችውን ጨርቅ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። አባባ ደግሞ ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ መኪናቸው ተመለከቱ። በሐሳባቸው መናኸሪያ ደርሰው ሻንጣሽን ጭነው ነበር፤ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ። አፌ ከዓይኔ ቀደመና ቀጠልኩ፦ "አደራ፣ አባባ በዚያች መኪና እንዳይቀበሉኝ። ባለፈው አጥር ጥሰን ልንገባ ለጥቂት የተረፍነው ይበቃኛል፤ ልጄን እዚያ ውስጥ አላስቀምጥም። በታክሲ እንመጣለን።" ላድበሰብሰው ብል እሳቸው ክር ሊቀይሩ ስፌቱን አቁመውት ኖሯል። "ቀጥይ እንጂ" አሉኝ። ቀጠልኩ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንዳነበብኩ ግን እኔም አላውቅም። ምናለ እህቴ፣ እንዲህ ያለውን በቁራጭ ወረቀት ለብቻው ጽፈሽ "ላንቺ ብቻ" ብትይበት?

አባባ በማግስቱ መኪናዋን ማጠብ ጀመሩ። በየቀኑ! መስታወቷን፣ ጎማዋን፣ የወንበሯን ሥር ሳይቀር። እማዬ ሲሰለቻት "ምነው፣ የታጠበ መኪና ይቆማል ያለህ አለ እንዴ?" አለቻቸው። እሱንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ እውነትሽን መሆኑ ነው። የአባባን የፍሬን አረጋገጥ ታውቂዋለሽ፦ አንዴ ለመቀስቀስ፣ አንዴ ለማቆም። ይህን እንደ ትልቅ ጥበብ ነው የሚያወሩት። "ይህችን መኪና ሌባ አይወስዳትም፣ ወስዶስ የት ያቆማታል?" እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ይስቃሉ። አንድ ቀን እሳቸው እንዲረግጡ አድርጌ እኔ ከፊት ጎማው ኋላ መሬት ላይ ተጋድሜ አየሁ። የፍሬኑን ዘይት ከብረቱ ቧንቧ ተቀብሎ ወደ ጎማው የሚያደርሰው አጭሩ የላስቲክ ቱቦ፣ ላዩ እንደ ደረቅ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ፣ በተረገጠ ቁጥር እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ እብጥ ይላል። በግራም በቀኝም እንደዚያው። "አባባ፣ የእግርዎ ጉልበት ጎማው ጋ ሳይደርስ ላስቲኩን ሲነፋ ነው የሚያልቀው" አልኳቸው። "አሥራ ስምንት ዓመት ሲነፋ ያልፈነዳ፣ አንቺ ስላየሽው ሊፈነዳ ነው?" አሉኝ። ጋራዥ እንውሰዳት ስላቸው ሞቼ እገኛለሁ አሉ፤ ሌላ ሰው እጅ አትገባም። እንግዲያው እኔው እቀይረዋለሁ አልኩ። መቼስ ምህንድስና ተምሬ፣ ተመርቄ፣ የውሃ ፓምፕ ፋብሪካው እስኪጠራኝ ስልኬን ታቅፌ ከምቀመጥ! ቱቦዎቹን ገዛሁ፣ ሥራው በአንድ ጠዋት ያልቃል ብዬም ለእማዬ ነገርኳት። አፌን በቆረጠው።

ጎረቤታችን ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ስለ መኪና ሲያወሩ አንድ ዓይናቸው ብልጭ ድርግም ስለሚል ሰፈሩ ጋሽ ፍሬቻ ያላቸው፣ በክሪክ ብቻ እንዳላነሳት ብለው ጠንካራ የብረት መደገፊያዎች አዋሱኝ። ተባረኩ! ግን ከብረቱ ጋር በርጩማቸውንም ይዘው መጡ። ጎማውን አወጣሁ። አሮጌው ቱቦ ከብረቱ ቧንቧ ጋር የታሰረባት ዳዶ አለችልሽ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል። እሷን ልፈታ ብል ወይ ፍንክች! ዝገቱ ከቧንቧው ጋር አንድ አካል አድርጓታል። ጠንከር ብዬ ብስብ ቀጭኑ ቧንቧ አብሮ ሊጠመዘዝ ነው፤ ላላ ባደርግ መፍቻው ያንሸራትታል። አንዴ ሲያንሸራትተኝ ነው ጣቴ የተላጠው። ጋሽ ፍሬቻ ከበርጩማቸው "ምቺያት!" ይሉኛል፤ አባባ ከወዲህ "እንዳትመቺያት!"፤ እማዬ ከመስኮት "ተያት!" እኔ የማን ልሁን? "ይሄ ሁሉ ዓመት የተማርሽው ዳዶ አለመፍታትን ነው?" ሲሉኝ አባባ፣ ደሜ ፈላ። ከመኪናዋ ሥር ሆኜ መልስ ስሰጣቸው ድምፄ እንዴት እንደሚያስተጋባ አታውቂም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ።

በማግስቱ ዝገት የሚያላላ ዘይት ረጭቼባት ካደረችው ዳዶ ጋር እንደገና ተፋጠጥን። ዙሪያዋን አቅፎ የሚይዝ መፍቻም ከመለዋወጫ ሱቅ አምጥቻለሁ። ሳብ አደረግኩ፣ ጭርቅ ብላ ተፈታች። የጮኽኩትን ጩኸት ብትሰሚ! እማዬ መኪናዋ የወደቀችብኝ መስሏት የሳሙና አረፋ በእጇ እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ደህና መሆኔን ስታይ ተናደደችብኝ፤ በደስታም መጮህ አልተቻለም። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር። አዲሶቹን ቱቦዎች ሳይጠማዘዙ አሰርኩ፣ መሪውን እስከ ዳር ግራና ቀኝ አዙሬ ከጎማው ጋር እንደማይነካኩ አየሁ። ቀላል ነበር ያልኩት እስከዚህ ድረስ ነው።

ቱቦ ሲፈታ አየር ይገባል፤ አየሩ ካልወጣ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ጎማው ጋ ያለችውን ትንሽ ብሎን ከፈት አድርጎ አየሩን ያስወጣል፣ ብሎኗ ከተዘጋች በኋላ ብቻ እግር ይነሳል። እግሩ ቀድሞ ከተነሳ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ ሥራውም ከሀ ይጀመራል። አባባን አስቀመጥኳቸው። "ይርገጡ!" ረገጡ። "ይያዙ!" ማን ይይዛል! ዕድሜያቸውን ሙሉ የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ እግር ፔዳል አግኝቶ ሊያርፍ ነው? ችክ ችክ ችክ ያደርጉታል። "አባባ ይያዙ እንጂ!" "ይዣለሁ እኮ!" ችክ ችክ። "አባባ፣ ሱሪ እየሰፉ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ፍሬቻ ከበርጩማቸው ሊወድቁ ደረሱ፤ "ከወገቡ ጠበብ አድርግላት!" እያሉ ይስቃሉ። አባባ አኩርፈው ወጡ። "ከመሬት ተኝታ የምታዘኝ ልጅ ወልጄ!" አሉ።

እማዬን አስገባኋት። በሕይወቷ መሪ ነክታ አታውቅም። "ርገጪ" ስላት "ረገጥኩ"፣ "ያዢ" ስላት "ይዣለሁ" ትለኛለች፣ እንደ ተማሪ። አንዱን ጎማ ጨርሰን ሌላው ላይ ሳለን ስልኬ ጮኸ። ፋብሪካው ነው ብዬ ብሎኗን ዘግቼ ጓንቴን እየወረወርኩ ሮጥኩ። በቴፕ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ለስልክሽ ጥሪ ዘፈን ግዢ ይለኛል። በንዴት ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጋሽ ፍሬቻ ናቸው "አንቺ፣ እናትሽን ረሳሻት እኮ!" ያሉኝ። ሮጬ ስሄድ እማዬ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ፣ ግንባሯ ላብ አውጥቶ፣ አሁንም እንደረገጠች ናት። "ልቀቂ አላልሽኝም" አለችኝ። ፍሬኑ የተስተካከለው በእሷ እግር ነው።

አሁን ዋናው ጉድ መጣ። አባባ መሪ ያዙ፣ እኔ ከጎናቸው፣ ጋሽ ፍሬቻ ከኋላ ሆነን ቁልቁለቱን ወረድን። ማዕዘኑ ጋ ስንደርስ አባባ እንደ ልማዳቸው ለመቀስቀስ ረገጡ። መኪናዋ በቁሟ ቀጥ! የአባባ ኮፍያ መስታወቱ ላይ፣ የጋሽ ፍሬቻ ግንባር የኔ ወንበር ላይ። "ዛሬስ ነቅታ ነው ያደረችው!" አሉ ግንባራቸውን እያሹ። አባባ እንደገና ሞከሩ፣ እንደገና ያው። እዚያች ታች መንገድ እስክንደርስ ስንቴ እንደተንገጫገጭን አልነግርሽም። በመጨረሻ መንገዱ ዳር አቁመው ሞተሩን አጠፉ፣ ቁልፉን ነቅለው ጭኔ ላይ አስቀመጡ። "ይህች የኔ መኪና አይደለችም። አንቺ ንጃት" ብለው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ።

እህቴ፣ አንጀቴ አረረ። ለማን ብዬ ነው ጣቴን የላጥኩት? ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሄደው እንዲያመጡ አይደለም? ቤት ገብቼ ለእማዬ "በቃ ጨርሻለሁ፣ በታክሲ ይምጡ፣ ከፈለጉም በእግራቸው ይምጡ" አልኳት። እማዬ ጨርቋን እያጠፈች፣ "አባትሽ እኮ ያቺን መኪና መንዳት የሚችል እሱ ብቻ ነበር። አሁን ማንም ይነዳታል" አለችኝ።

በማግስቱ ማለዳ የሞተር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በመስኮት ሳይ አባባ ብቻቸውን ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ ይነዱና ያቆማሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሱና ደግሞ ይነዳሉ። ባቆሙ ቁጥር አንድ ነገር ሲበተን ይሰማል። ወጣሁ። የአዝራር ቆርቆሯቸውን ክዳኑን ከፍተው አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ አስቀምጠውታል፤ የሸሚዝ፣ የኮት፣ የልጅ ልብስ አዝራር መኪናዋ ወለል ላይ ተዘርቷል። ቀና ብለው ሳያዩኝ "ሥራ ከሌለሽ ልቀሚ" አሉኝ። ለቀምኩ። ደግመው ነዱ፣ ደግሞ ተበተነ፣ ደግሜ ለቀምኩ። ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ይኸው ሆነ፤ ምህንድስና ተመርቄ አዝራር ለቃሚ! አንድ ቀን ታከተኝና "አባባ፣ ሐር ሲሰፉ እንደ ጂንስ ነው እንዴ የሚረግጡት?" አልኳቸው። "አሁን ደግሞ ሐር ልታስተምሪኝ ነው?" ብለው ተቆጡ። ቀጥለው ሲያቆሙ ግን ከቆርቆሮው የዘለለችው አንዲት አዝራር ብቻ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ዓመታዊ ምርመራዋን በመጀመሪያው ሙከራ አልፋለች። ቱቦዎቹንም በየቀኑ አያለሁ፣ ጠብታ የለም። ዛሬ ደግሞ አባባ ቁልቁለቱን ወርደው፣ መናኸሪያ ደርሰው፣ በገበያው ግርግር መሀል ነድተው ሲመለሱ አብሬያቸው ነበርኩ። ቆርቆሮው ክፍቱን ጭኔ ላይ ነበር። አንድም አዝራር አልወደቀም። እሳቸው ክዳኑን ገጥመው ወረዱ፤ ስፌት ክፍል ገብተው ግን ሲያፏጩ ሰማኋቸው።

ልጅሽን አስገቢው አልልሽም፤ እናቱ አንቺ ነሽ። ያየሁትን ነው የነገርኩሽ። ይህን ልጽፍ ስቀመጥ አባባ መጥተው እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አሉኝ፦ "በታክሲ ብትመጣ አይከፋኝም። እኔ ግን መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ፣ ቢያንስ ሻንጣዋን እጭናለሁ። ከዚያ ከታክሲው ኋላ ኋላ እመጣለሁ፣ ርቀቴን ጠብቄ።" እኔ በሁለታችሁ መሀል ትዕግሥቴ ተሟጧል፤ ዳዶዋ ትሻለኝ ነበር። ስለዚህ ሌላ ነገር ሳትጨማምሪ፣ የምትደርሺበትን ቀንና ሰዓት፣ ማን እንዲቀበልሽ እንደምትፈልጊም ቁርጡን ጻፊልኝ።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ለጣሪያው መድኃኒት ካጣ እመጣለሁ፣ ፈታኝ ነገር ለምጃለሁ። አማትሽን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። ድንቡሼን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። እማዬ አልጋሽን አንጥፋ ጨርሳለች፤ አንሶላውን ሰላምታዬ ነው በያት ብላለች። ጋሽ ፍሬቻም ዓይናቸውን ብልጭ አድርገው ሰላም ይሉሻል። ፋብሪካው እስካሁን አልደወለም፣ ይደውላል ግን፤ አውቃለሁ። ከአባባ ሰላምታ እንዳልጽፍ ተከልክያለሁ። "እሱን ራሴ መናኸሪያ እነግራታለሁ" ብለዋል።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከቤታችን ግቢ፣ ከመኪናዋ አጠገብ
ቅዳሜ ረፋድ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው