ዕድሜዋ ያልደረሰ መበለት

የኔ ታምራት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሆነኝ ነው። እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ያለህበት ሰላም እንደሆነ አምናለሁ። ሰላም የጎደለው እኛ ጋ ነው።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለውን የልብስ ስፌት ቤትህን አከራዩ ለሞባይል ነጋዴ ሰጠው። ልጃችን ሜሮን የማታ ትምህርቷን አቋርጣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታነጥፋለች። ደመወዟ ለቤት ኪራይ ይሄዳል፤ የሚተርፈው ወሩን አያዘልቀንም። እኔም ጉልበቴ አላራምድ ብሎኛል።

ጳውሎስ ለወጣት አገልጋዮች የጻፋቸውን መልእክቶች እንዴት ትወዳቸው ነበር! የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሆነህ ዲያቆናቱን ሳሎናችን ውስጥ በእነሱ ታስተምር ነበር። መሪ ቁጡ መሆን የለበትም ብለህ ታስተምራቸውና፣ ገና ከበር ሳይወጡ፣ ወጥሽ ጨው አነሰው ብለህ ትቆጣኛለህ። እስቅብህ ነበር። መጨረሻ ላይ አንተም ትስቃለህ።

አስቴርን ታስታውሳታለህ? ባሏ ሞቶባት፣ ልጆቿን ይዛ ቤተ ክርስቲያን እንድትረዳት የለመነችህን። መልእክቱ ስልሳ ዓመት ያልሞላት መበለት አትመዝገብ ይላል፣ ወጣት ስለሆንሽ አግቢ ብለህ መለስካት። ኧረ አታስጨንቃት ብዬህ ነበር፤ ቃሉ ነው አልከኝ። አገባች። ሰውየው ልጆቿን አልፈልግም ስላለ ገጠር እናቷ ጋ ላከቻቸው፤ ቆይቶ እሷንም ጥሏት ሄደ። ዛሬ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ውስጥ ዓሣ እየበለተች ትኖራለች። ያንተ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ሳህን ያጠበችው እሷ ናት።

ባለፈው ሰሞን ሽማግሌዎቹ ቤት መጡ። ስልሳ እንዳልሞላኝ ያውቃሉ፤ ቢሆንም የጋሽ ታምራት ባለቤት ናት ብለው በልዩ ሁኔታ እርዳታው እንዲሰጠኝ ወስነዋል። አስቴርስ ብዬ ጠየቅኳቸው። መሬት መሬት እያዩ፣ የእሷን ጉዳይ ራሱ ጋሽ ታምራት ነው የዘጋው አሉኝ። እንግዲያው እኔንም ተዉኝ አልኳቸው። ሳይጸልዩ ወጡ። ሜሮን ከዚያን ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። እውነቷን ነው፤ የምንበላውን ነው የመለስኩባት።

ከቃሉ ጋር ጠብ የለኝም፣ ታምራቴ። ካንተ ጋር ግን ተጣልቻለሁ፤ የምንታረቅበትን ጊዜ ደግሞ ሞት ወሰደው።

ትናንት ዓሣ ገበያ ሄጄ አስቴርን ስላንተ ይቅርታ ጠየቅኳት። እጇን በሽርጧ ጠራርጋ፣ እሳቸው እኮ የተጻፈውን ነው የነገሩኝ፣ ምንም አልተቀየምኳቸውም አለችኝ። ብትሰድብህ ይሻለኝ ነበር።

ሰዉ ሁሉ ደግነትህን ያወራልኛል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ሁሉንም ይዤ ነው የማስታውስህ፣ ሳቅህንም፣ አስቴርን የመለስክበትን ቀንም። አንዱን ጥዬ ሌላውን ብቻ ብይዝ፣ የማለቅሰው ለማላውቀው ሰው ይሆናል።

ሚስትህ አልማዝ