ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እንዳላማው፣ በዳጉሳ ልጅ ያተረፉ እናት

እማማ ማንጠግቦሽ ከአባታቸው ከአቶ እንዳላማው አካለ ወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሬ በ1908 ዓ.ም. በኅዳር ወር ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ዳጉሳ ሲታጨድ ነው የተወለድኩት ይሉ ነበር። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ያኔ ማን ሴት ልጅ ያስገባ ነበር? ግን የኔን የልጅ ልጃቸውን ደብተር ገልብጠው ይዘውም ቢሆን "ይቺ ጥሩ ጽፋለች" ብለው ያደንቁልኝ ነበር።

በ1922 ዓ.ም. ከአቶ ባዘዘው ኃይለ ሚካኤል ጋር ተጋብተው ሮብ ገበያ ገቡ። ሮብ ገበያ ብርዱ አይጣል ነው፣ ዳጉሳ አይበቅልበትም፣ የሚበላው ገብስና ስንዴ ነው። አማታቸው ወይዘሮ አሰገደች "ይቺ የቆላ ሙሽራ ነገ ደግሞ ዳጉሳ ካልበላሁ ትለን ይሆናል" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር አሉ።

በ1923 ዓ.ም. ሙላት ተወለደ። ጡት ብቻ ሲጠባ ድቡልቡል ያለ ልጅ ነበር። አጥሚት ሲጀምር ግን ሆዱ ተነፋ፣ እግሩ ቀጠነ፣ ተቅማጡ አልቆም አለ። ቡዳ ነው ተባለ፤ ጸበል ወሰዱት። እንዲጠገን ብለው ደግሞ የገብስ አጥሚትና በሶ በላይ በላዩ ሰጡት። በዚያ አገር ለታመመ ሰው ከገብስ ሌላ ምን ይሰጣል? በ1926 ዓ.ም. አረፈ። በዚያው ዓመት ድረስ ተወለደ፤ እሱም ልክ እንደ ወንድሙ ሆኖ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞተ። የመጨረሻዋን ጉርሻ በሶ ያጎረሱት እማማ ናቸው።

እናቴ የብርጓል የተወለደችው በዚያው ዓመት በሰኔ ነው፣ ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ። በ1930 ዓ.ም. አቶ ባዘዘው ጫካ ገቡ። በ1931 ዓ.ም. ጣሊያን በዚህ ቂም መጥቶ ቤቱንም የገብሱንም ክምር አቃጠለው። እናቴ ያኔ እንደ ወንድሞቿ ከስታ ነበር። እማማ እሷን አዝለው፣ መንገድ ላይ ትሞትብኛለች ብለው መገነዣ ጨርቋን ይዘው፣ ደብረ ኤልያስ አባታቸው ቤት ገቡ።

እዚያ ከዳጉሳ በቀር ምንም አልነበረም። ዳጉሳውን አጥበው፣ አስጥተው፣ ፈጭተው፣ በጠባብ ወንፊት ነፍተው፣ ገንፎውን ክንዳቸው እስኪዝል ያማስሉ ነበር። በሦስት ሳምንት ተቅማጡ ቆመ። በሁለት ወር ልጅቷ ድክ ድክ አለች። እማማ እዚያ ያጠጧት ጸበል ነው የደረሰላት ብለው ነበር።

በ1932 ዓ.ም. አቶ ባዘዘው ከጫካ ተደብቀው ሊያዩዋት መጡ። ለራሳቸው ሳይበሉ ከስንቃቸው ያጠራቀሙትን በሶ አመጡላት። "እንኪ የኔ እመቤት፣ ያባትሽን ስንቅ ብዪ! እስከ መቼ የጠላ መጥመቂያ ዳጉሳ ያበሉሻል?" እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ በእጃቸው አጎረሷት፤ ስቃ በላች። እሳቸው በሄዱ ማግስት ሆዷ ተነፋ፣ ተቅማጡ ተመለሰ።

ያን ጊዜ እማማ የተረፈውን በሶ አዩት፣ ልጅቷን አዩ፣ ገባቸው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው "ሙላት! ድረስ!" እያሉ ጮኹ። ጎረቤቱ የአዲስ ሞት መርዶ መስሎት ተሰበሰበ።

ከወር በኋላ አቶ ባዘዘው በሰው "በሶው ተስማማት ወይ?" ብለው ላኩ። እማማ "ወፍራለች በሉት" ብለው መለሱ። አቶ ባዘዘው በዚያው ዓመት ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ተሰዉ፤ ነገሩን ሳያውቁ። እማማ በኋላ ለእናቴ ሲነግሯት "ልጆቻችንን እኔና አንተ ነን የጨረስናቸው ብዬ ጫካ ላለ ሰው ልላክበት?" አሉ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ሮብ ገበያ ተመለሱ። ለየብርጓል ብቻ የሚሆን ወፍጮና ወንፊት ለዩ፤ ገብስ የነካው ነገር አያስጠጉም። ዳጉሳውን ከደብረ ማርቆስ ገበያ በጀርባቸው ያመጡ ነበር። ሴቶቹ "አንቺ፣ ልጅሽን እንደ ጠላ ልትጠምቂያት ነው እንዴ?" ሲሏቸው ስቀው ያልፋሉ። ሌላ ባል አላገቡም።

በ1975 ዓ.ም. እናቴ ታማ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ስንዴና ገብስ አንጀቱን የሚጎዳው ሰው አለ፣ ከነዚህ ራቂ አላት። እናቴ ደስ ብሏት እየሮጠች መጥታ "እማዬ፣ ሐኪሙም ያልሽውን አለ!" አለቻቸው። እማማ ቀኑን ሙሉ አለቀሱ። እስከዚያ ድረስ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብለው ተስፋ ያደርጉ ነበር ለካ።

ባለፈው ክረምት እግራቸው አብጦ ተኙ። በመጨረሻው ሳምንት "ልጆቹ ይቀየሙኝ ይሆን?" እያሉ እናቴን ደጋግመው ጠየቋት። እናቴ እጃቸውን ስማ "ያለሽን ነው ያበላሻቸው እኮ፣ እማዬ" ስትላቸው ዓይን ዓይኗን ያይዋት ነበር። አምነዋት እንደሆነ አናውቅም። ጥር 9 ቀን 1986 ዓ.ም. በተወለዱ በ78 ዓመታቸው አረፉ።

አንዲት ልጅ፣ ስምንት የልጅ ልጆችና አራት የልጅ ልጅ ልጆች ትተው ሄደዋል። እኛ ሁላችን ከዚያች ከተረፈችው ልጅ የመጣን ነን። እናት ስታጎርስ በልቧ ያለውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ እኛ ልናሳምናቸው ያልቻልነውን እሱ ይንገራቸው። አሜን።