አባቴ ያልሽው ሰውዬ

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣ ለቴሌቪዥኗ እመቤት፦

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ፣ ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ ጋር ተጣልቼ ካልሆነ በቀር ከማንም ጋር በሰላም አለሁ፤ ምስጋና ለፈጣሪ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በአምበር ዙሪያ ያላችሁ ሁሉ ይህን ታላቅ ነገር እወቁ፦ የጎረቤታችን የአይናዲስ በግ የዲሹን ሽቦ ቆርጥሞ በልቷል። ሁለት ሐሙስ ሙሉ ድራማሽ አመለጠን። በጉ በሕይወት አለ፤ እስከ ፋሲካ።

በስልክ ሳወራሽ ስለምስቅ ቁም ነገሬን አታምኚኝም። ለዚህ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

በድራማው ገበሬ አባትሽን ሆኖ የሚጫወተውን ሰውዬ ማን መረጠው? ጥፍሩ ከሙሽራ ጥፍር ይጸዳል። ጋቢው ከሱቅ እንደወጣ ነው፤ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። እርፉን እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፎ ያርሳል። ጢሙ በማስቲሽ የተለጠፈ ነው መሰለኝ፣ ሲያለቅስ ባንድ ወገን ይነሣል። እዚያ እርሻ ላይ ትወና የቻሉት በሬዎቹ ብቻ ናቸው። ጠላትሽ የሆነችዋ ሴትዮ ግን ጎበዝ ናት፤ አይናዲስ በቀደም «አንቺ ክፉ፣ ምን አደረገችሽ!» ብላ ጫማ ወርውራባታለች። አንቺም ደህና ነሽ። ጠላ ቤት አስገብተው ሲያስቀዱሽ እንኳ ጣሳውን በሁለት እጅሽ ነው የምታቀብዪው። አስተዳደግ አይደበቅም።

ጨዋታዬ እዚህ ላይ ያልቃል።

አባትሽን ቄስ ገዳሙን ያስከፋው የጠላ ቤት ሴት ሆነሽ መታየትሽ መስሎሽ ነበር። ለእኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። የጥምቀት ሰሞን አይናዲስ ቤት ጠበል ሊረጭ ገብቶ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ አገኘው። አንቺ የዚያን ሰውዬ ጉልበት ስመሽ «ካንተ ሌላ አባት የለኝም» አልሽ። መስቀሉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ወደ ቤት ስንመለስ «እኔ ሳልሞት ሌላ አባት ያዘች» አለኝ።

«ኧረ ልጄ፣ ሰው የጻፈላትን ነው የምትለው፤ ደሞዟ እኮ ነው» ስለው፦

«ተንበርክካ፣ በአፏ ብላዋለች። ቃል ቃል ነው። እኔስ ሰው የማጋባው በቃል አይደለም?» አለ።

በማግስቱ «እሷ ባለችበት ደጃፍ ብቆም ግዝት ይሁንብኝ» ብሎ በራሱ ላይ ገዘተ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ካንቺ ሌላ ማን አለው? ግን ካህን ነው፤ የገዘተውን አይበላም።

ደብረ ወርቅ ድረስ ሄጄ የንስሐ አባቱን ለመንኩ። «እሱ ራሱ ፍቱኝ ካላለ እኔ ምን ብዬ እፈታዋለሁ?» አሉኝ። ስመለስ ሆዴ አላስቀምጥ ብሎኝ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። ነርሷ ሆዴን ዳበሰችና ካርዴን አጠፈችው። ከዚያ «አባባ፣ ያማረዎትን ይብሉ» አለችኝ። ጾም ነው ብላት «ግድ የለም፣ ይብሉ» አለች። ደግ ልጅ ናት።

አየሽ የኔ ልጅ፣ እኔ ፍትሐቴን ልጄ እንዲያደርስልኝ እፈልጋለሁ። አፈሩን ደግሞ አንቺ እንድታለብሺኝ። አንቺ ከመጣሽ እሱ ይቀራል፤ እሱ ከቆመ አንቺ ትቀሪያለሽ። ሰማንያ ሦስት ዓመት ስቀልድ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ደመኛ አስታርቄያለሁ። ሁለታችሁን አቃተኝ። የሚያስቃችሁ ነገር አጣሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሽቦው ተቀጥሎ ስናይሽ አባትሽ በመንገድ ሲያልፍ ድምፅሽን ሰማና ከአጥሩ ውጭ ቆመ። በመስኮቱ አሻግሮ አየሽና «ከስታለች» አለ።

በይ፣ የደብረ ወርቅ ማርያም ትከተልሽ። ከአፍሽ የሚወጣው ሁሉ በረከት ይሁንልሽ። ያሳደገሽ እጅ አይራቅሽ።

ልፈርም ስል ከላይ የጻፍኩት አንድ ቃል አላስኬድ አለኝ። ብሰርዘው ወረቀቱ ይበላሻል፣ ሌላ የለኝም። አባትሽ መቆሙ እውነት ነው። ድራማው እስኪያልቅ ቆሞ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። በዚያ ተማምነሽ መንገድ እንዳትጀምሪ። «ከስታለች» ያልኩት እኔ ነኝ።

አያትሽ