በቁምሽ አልቅሰንልሻል

ሳን ሮኬ፣ ታማንዶ ወንዝ ዳር፣ ኮሎምቢያ
ኖቬምበር 4 ቀን 2019

ይድረስ ለልጄ ለኔሪስ፣
ጄኔቫ

የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ወፍራም ካፖርት ገዛሽ ወይስ አሁንም ያንን ስስ ሹራብ ደራርበሽ ነው ቢሮ የምትሄጂው? እኔም፣ እህትሽ ካርሚናም፣ ልጇ ዳሪም በሕይወት አለን። እዚህ የሞትሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

አትሳቂ፣ ቀልድ አይደለም። ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢው። ሳትጨርሺ ስልክ እንዳታነሺ፤ ለካርሚናም፣ ለክርስትና አባትሽም፣ ለማንም እንዳትደውዪ። ልጄ፣ ፈርቻለሁ። ጎርፉ ቤታችንን የወሰደው ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ያኔ ቢያንስ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታይ ነበር።

ስልኬ ምነው ዝም አለ ብለሽ ሳትጨነቂ አልቀረሽም። ወንዝ ውስጥ ጥዬው ነው። አዎ፣ አንቺ የላክሽልኝን ስልክ። ምን ላድርግ? ስትደውዪ ፎቶሽ እየሳቀ ብቅ ይላል፤ የሞተ ሰው ደግሞ አይደውልም።

ነገሩ የጀመረው በዚያ ስብሰባ ላይ በተናገርሽው ነው። እንዳትደነግጪ፣ አንቺን እየወቀስኩ አይደለም። የሥራ ልምምድሽ ምን እንደሚመስል ነግረሽኝ የለ? አንገትሽ ላይ የሚንጠለጠለው መታወቂያ «ተለማማጅ» እንደሚል፣ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጠሽ ሌሎች ያሉትን ከመጻፍ በቀር መናገር እንደማይፈቀድልሽ፣ ማይክራፎኑ ከፊት ለተቀመጡት ብቻ እንደሆነ። እኔም «አይዞሽ፣ የሚጽፍ ሰው ብዙ ይሰማል» ብዬሽ ነበር። በኋላ አለቃሽ ወይዘሮ ኢንግሪድ ስለ ሜርኩሪ ሲነሳ ዞር ብላ «ወንዙ ያንቺ ነው፣ አንቺ ተናገሪ» አለችሽና ከኋላ ወንበር ተነስተሽ ተናገርሽ። የታማንዶን ስም ጠራሽ። ወርቅ የሚያጥቡት ማሽኖች ሜርኩሪ ወደ ወንዛችን እንደሚለቁ፣ ዓሣው እንደተመረዘ፣ ማሽኖቹን የሚጠብቁት የታጠቁ ሰዎች እንደሆኑ፣ የእህትሽ ልጅ ማንኪያ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ መያዝ እንዳቃታት ተናገርሽ። ያንን ቪዲዮ ላክሽልን። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አትጠይቂኝ።

እኛን ደግሞ ታውቂናለሽ። ደስታ በድምፅ ማጉያ ካልተነገረ ደስታ አይመስለንም። ልጅ ሲወለድ በድምፅ ማጉያ፣ ልጅ ሲመረቅ በድምፅ ማጉያ። የክርስትና አባትሽ ዶን ፊደንሲዮ ስልኩን ወደቡ ላይ ካለው ሱቁ ማጉያ ጋር አገናኘውና «ዝም በሉ፣ ልጃችን ለዓለም መንግሥታት እየተናገረች ነው» አለ። ድምፅሽ ወንዙን ተሻገረ። ሴቶቹ ጨፈሩ፤ እኔም ጨፈርኩ። ማናችንም ወዲያ ዞር ብለን አላየንም።

ለካስ ቀዩ እዚያው ቆሞ ነበር። የማሽኖቹ ጠባቂዎች አለቃ፣ ያ ፊቱ በፀሐይ የሚቀላው። ሲጋራ ሊገዛ መጥቶ ሁሉንም ሰምቷል። አልተቆጣም። ፊደንሲዮን «እስቲ ድገመው» አለው። ያ ሞኝ ደግሞ የኮራ መስሎት ድምፁን ጨምሮ ደገመለት።

በማግስቱ እኔ ለተማሪዎቹ ምሳ ወደማበስልበት ኩሽና መጣ። በር ላይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ድስቱን አሸተት አድርጎ፣ «እማማ ኤሎዲያ፣ ያቺ ጎበዝ ልጅዎ መቼ ነው የምትመለሰው?» አለኝ። አፌ ቀደመኝና «ለገና» አልኩት። እሱም ፈገግ ብሎ «እንግዲህ እኛም እንቀበላታለና» አለ። ወደ በሩ ከሄደ በኋላ መለስ ብሎ የጨመረውን ነው መቼም የማልረሳው። «ምናልባት እዚያ ብርዱ ተስማምቷት ከቀረች ደግሞ ትንሿን ዳሪን ይዘን እንጠራታለን። ለእሷ ስትል ትመጣለች አይደል?» አለኝ።

ሩዙ እስኪያር ድረስ ወለል ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። መምህር ኤልያዴስን አስታወስኩ። እሱም ስለ ማሽኖቹ አንድ ቀን ብቻ ነበር የተናገረው። ታንኳው ብቻዋን ወንዙን ይዛ ወረደች፤ ሬሳው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ማንም ደፍሮ አላለቀሰለትም።

«አትምጪ» ብዬ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺን የወለድኩ እኔ ነኝ፤ «ዳሪን ሊወስዷት ነው» ብልሽ በሚቀጥለው አውሮፕላን ከች ትያለሽ። ብደብቅሽም ለገና ሻንጣሽን ይዘሽ ትመጫለሽ። ወዲያ ብዞር አንቺ፣ ወዲህ ብዞር ዳሪ። እንቅልፍ አጣሁ። የጀልባ ሞተር በሰማሁ ቁጥር ዳሪን ፍለጋ እሮጥ ጀመር።

መላውን የዘየደችው አበልጄ ናሳሪያ ናት። ኩሽና መጥታ ሙዝ እየላጠችልኝ፣ ቀና ሳትል «እነሱ ከሚገድሏት እኛ እንግደላት» አለችኝ። በጭልፋው ልላት ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን መላጧን ሳታቆም «እስቲ ስሚኝ አበልጄ። የሞተች ልጅ አትጠራም፤ የልጅ ልጅሽንም ለማስፈራሪያ የሚፈልግ አይኖርም። መርዶ እንናገር፣ ሐዘን እንቀመጥ፣ ሙሾውን እኔ አወርዳለሁ» አለች።

ናሳሪያ ይህን ስትል ምን እንደተናገረች ታውቂያለሽ። በዚህ ወንዝ ዳርና ዳር የሞተውን ሁሉ የለቅሶውን ዘጠኝ ሌሊት ዘፍና የሸኘችው እሷ ናት። ለሕያው ሰው ሙሾ ማውረድ ሞትን በስም ጠርቶ ማምጣት እንደሆነ ያስተማረችንም እሷው ናት። እጇን አየሁት፤ ሙዙን ሦስቴ ከቢላው ጋር ጣለችው። እሷ የፈራች እኔ ምን ልሁን?

ብቻ አደረግነው። ከጄኔቫ መልእክት መጣ፣ ብርድ ሳንባዋን መታት፣ እዚያው ተቀበረች አልን። ሲስተር ሉርደስ «እኔ መዋሸት አልችልም» አለችና ተጨነቅን፤ በኋላ «ስለ ኔሪስ ነፍስ ግን መጸለይ እችላለሁ፣ ነፍስ አላት አይደል?» ብላ ለቅሶ ቤቱ መጥታ ተቀመጠች። መንደሩ ሁሉ ሐሰት መሆኑን ያውቃል፤ ሁሉም ሐዘን ተቀመጠ። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ፊደንሲዮ ከሁሉ በላይ አለቀሰ። ስለ ድምፅ ማጉያው እያለቀሰ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ለማየት ግን ያምር ነበር።

ለሟች መሠዊያ እንዲሆን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን፤ ከላይ ከጥቁር ጨርቅ የተሠራውን የሐዘን ቢራቢሮ ሰፋንበት። ከሥሩ የምርቃት ፎቶሽን፣ ሻማና ነፍስ ሲጠማት የምትጠጣውን ብርጭቆ ውሃ አስቀመጥን። ልጄ፣ ውሃው ጎደለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጮኼ ልወድቅ ስል ናሳሪያ ክንዴን ጨብጣ በጆሮዬ «ዝም በይ፣ የሚጠጣው ኤልያዴስ ነው» አለችኝ። ለካ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምራ ሙሾውን የምታወርደው ለእሱ ኖሯል። ስምሽ በተጠራ ቁጥር በልቧ የእሱን ስም ትጠራ ነበር። ያለ ለቅሶ የቀረው እሱ ነው፤ ሞት የሚመጣ ከሆነ የራሱን ይዞ ይሂድ ብላ። ያን ጊዜ ትንሽ ተነፈስኩ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ሁሉ ለማን እንደሚያለቅሱ ገባቸው መሰለኝ፣ ለቅሶው እውነተኛ ሆነ።

ቀዩ የመጣው በመጨረሻው፣ በዘጠነኛው ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ መሠዊያው በሚፈርስበት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዎቹን በር ላይ አቁሞ ገባ። ፎቶሽን ዝቅ ብሎ ብዙ አየው። «ለገና ትመጣለች ብለውኝ ነበር» አለኝ። «እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አልኩት። እሱም ፎቶሽን እንዳየ ቀረ።

ደንቡን ታውቂዋለሽ። ሻማዎቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ፣ አንሶላው ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ከበሩ ገለል ብሎ ነፍስ የምታልፍበትን መንገድ ሲለቅ፣ የሟች እናት ተነስታ ልጇን ታሰናብታለች። ካላሰናበተች ነፍስ አትሄድም። እሱም ደንቡን ያውቃል፣ የወንዝ ዳር ልጅ ነው፤ የመጣውም እኔን ለማየት ነው። ተነሳሁ። «ኔሪስ ልጄ፣ ሂጂ» አልኩ። «ይህ ቤት ከእንግዲህ ቤትሽ አይደለም። በዚህ ወንዝ አትመለሺ። ዞረሽ አትዪኝ። እኔም አልጠራሽም።» ድምፄ አልተሰበረም። ቢሰበር ኖሮ አንጀቴ የሚያውቀው ሁሉ ይወጣ ነበርና።

ቀዩ ባርኔጣውን አደረገ። ሊወጣ ሲል ሁላችንንም ዞር ዞር ብሎ አየና «ሞተው የሚነሱ ሰዎች አይቻለሁ። እሷ ከተነሳች ግን እዚህ ያለቀሳችሁትን ሁሉ በየተራ አነጋግራችኋለሁ» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ የምልሽን ስሚ። ፌስቡክሽን ዛሬውኑ ዝጊው። በድርጅታችሁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ፎቶና ያንን ቪዲዮ እንዲያነሱት ለወይዘሮ ኢንግሪድ ንገሪያት። በር ዘግተሽ፣ እውነቱን ሁሉ ንገሪያት። ልምምድሽ ሲያልቅ ወደ ኮሎምቢያ መመለስ እንደማትችዪም አስረጂያት። ጥሩ ሴት ናት ብለሽኛል፤ እዚያ መቆየት የሚቻልበትን መንገድ እሷ ታውቃለች። መሬት ላይ ተንበርክከሽም ቢሆን ለምኚያት፣ አትኩሪ።

በቅርቡ ትልቁ ስብሰባ ላይ በድጋሚ ልትናገሪ እንደሆነ በመጨረሻ ስትደውዪ ነግረሽኝ ነበር። እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ስጣላ ነው የሰነበትኩት። «ተይው» ልልሽ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ዳሪ ገንፎዋን ግማሹን ደረቷ ላይ አፍስሳ፣ አፍራ፣ እጇን ከጠረጴዛው ሥር ስትደብቅ አየኋት። ስለዚህ ተይው አልልሽም። አንቺ አትናገሪ እንጂ ንግግሩ ይነገር። ያቺ ከሞንጎሊያ የመጣችው አብራሽ የምትኖረው ጓደኛሽ ኦዩን ታንብበው። ያንቺን ስም አትጥራ፣ የሳን ሮኬንም አትጥራ፤ የወንዙን ስም ብቻ ትጥራ። ታማንዶ ለምላሷ የሚከብዳት ከሆነ አለማምጃት። አንቺ እንደ ድሮሽ ከኋላ ተቀምጠሽ ጻፊ።

ይህን ደብዳቤ ሲስተር ሉርደስ በጉያዋ ደብቃ እስከ ኪብዶ ከተማ ወስዳ ፖስታ ቤት ታስገባልኛለች። መልስ ከጻፍሽ እንደዚሁ ደብቃ ልታመጣልኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኳት። ፊቴን ታውቂዋለሽ፤ ይህ ፊት ምንም ነገር ደብቆ አያውቅም። «እማዬ ደህና ነኝ» የሚል አንድ ቃል ካንቺ ካነበብኩ በማግስቱ ኩሽና ውስጥ ስዘፍን ይሰሙኛል፣ ወደቡ ላይ ስስቅ ያዩኛል። ቀዩ ደግሞ በየጊዜው ብቅ እያለ ፊቴን ያያል፤ እስካሁን ያየው እውነተኛ ሐዘን ነው። እያስመሰልኩ አይደለም፣ ልጄ። ሂጂ ያልኩሽ ቀን እውነት ሄደሽብኛል። ስለዚህ አትጻፊልኝ። በሰው አትላኪብኝ። ብትታመሚም፣ ብታገቢም፣ ብትወልጂም አትንገሪኝ።

የወንዙ እመቤት ጥላዋን ታጥላብሽ። ሥራሽ ይቃናልሽ፤ የምትበዪው ይስማማሽ። ክፉ ዓይን አይይሽ። ልጅ ሲኖርሽ ልጅሽን ሂጂ የምትዪበት ቀን አይምጣብሽ። አንዳንዴ ሰው በሌለበት ስሜን ጥሪው፤ እኔ ያንቺን መጥራት አልችልምና።

ኑሪልኝ፤ መኖርሽን ግን አታሰሚኝ።

እናትሽ
ኤሎዲያ