የደሴቱ ሁመር

አሰበ ተፈሪ፣ ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለበለጠ ኃይለገብርኤል፣ ባለህበት ሁሉ፤

ልጄ፣ በየብስም ሁን በባሕር፣ እናትህ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች። እኔ ደኅና ነኝ፤ አንተን ከማሰብ በቀር የጎደለብኝ የለም።

እትዬ ወለተጊዮርጊስ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል። ከአልጋ ወርደው ደጅ ከወጡ ሰነባበቱ። ሂርና ያለችው ልጃቸው ወንድ ወልዳለች፤ እሳቸው ግን ለክርስትናው እንኳ መሄድ አልቻሉም። ልጁን ታደሰ አሉት፣ በአጎቱ ስም። ስለ ልጃቸው ስለ ታደሰ ልጽፍልህ አልፈለግሁም ነበር። ግን አብሮ አደግህ ነውና ከሌላ ከምትሰማው ከኔ ስማው። በመጋቢት ከሰሜን መርዶው መጣ። እኔም ጎረቤት ነሽ ተብዬ ጎሕ ሲቀድ ከነጋሪዎቹ ጋር ገባሁ፤ ባለሱቋ ኩብራም አብራን ነበረች። እትዬ ምንም አላወቁም። ምነው በማለዳ፣ ግቡ እንጂ ብለው ሻይ ጣዱ፣ ዳቦ ቆርሰው አቀረቡ። ማናችንም እጃችንን አልዘረጋንም። አገሩን ታውቀው የለ፣ መርዶ ይዞ የገባ ሰው ከቤቱ ውኃ አይቀምስም። ዳቦውን አዩት፤ እኛን አዩን፤ ከዚያ ማንም ሳይናገር ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጣሉት።

ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም አንድ አመል አወጣሁ። ቤቴ የገባን ሰው ሁሉ፣ ገና አረፍ ሳይል፣ ጎምዛዛውን የሁመር ጭማቂ ቀድቼ አስጨብጠዋለሁ። አንድ ጊዜ ጉሮሮው ሲያወርድ ካየሁ ልቤ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። የቀበሌው ሰውዬ መዋጮ ሊሰበስብ መጥቶ ጠጣና ጨምሪልኝ አለኝ። ያን ሰውዬ ሳየው እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁመሩ እንደ ድሮው ነው። ማታ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ጠዋት በእጄ አሽቼ ፍሬውን አጠልለዋለሁ፣ ዝንጅብል ጨምሬ እንስራውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አኖረዋለሁ። የስኳሩ ነገር ግን ቀበሌ የሚሰጠን አይበቃም፤ ኩብራ ናት ከሱቋ ደብቃ የምታቃምሰኝ። ለውዙንም በጨው እያመስኩ በጋዜጣ እጠቀልላለሁ። የአውቶቡሱ ሰው አሁንም በሻይ ቤቱ ስም ይቀልዳል። አባትህ በእጁ የጻፈው «ደሴት ሻይ ቤት» የሚለው ሰሌዳ ቀለሙ ለቋል፤ እነሱ ግን ደሴቲቱ የት ናት፣ እዚህ እንኳን ባሕር የቧንቧ ውኃም አልመጣ ይሉኛል። ባሕሩ ገለምሶ ነው፣ ወርዳችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

ትዝ ይልሃል? ትንሽ ነበርክ፤ ጥርስህ እንኳ ገና አልተነቀለም። አብዮቱ ሳይመጣ በፊት ነው። አባትህ የመንገድ ሥራ መኪና ይነዳ ነበር፤ ዕረፍት ወጣና ባሕር ሳላሳያችሁ አልሞትም ብሎ ምጽዋ ድረስ ወሰደን። ከዚያ በጀልባ ወደዚያች ትንሽ ደሴት ተሻገርን። እኔ ጀልባው ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ ማርያም ማርያም ስል አንተ ሆዬ እጅህን ውኃው ውስጥ ነክረህ ትስቃለህ። ደሴቷ ላይ አንድ የዐረብ ሽማግሌ ነበር፤ ከጋን ሁመር ይቀዳል፣ በረዶ እየከሰከሰ ይጨምርበታል፣ ለውዝም በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሸጣል። አባትህ ቀመሰና ደነገጠ። ይሄማ የኛው ሁመር ነው፣ ሚኤሶ ከብት የሚጠለልበት ዛፍ፣ ለዚህ ነው እስከ ባሕር የመጣነው ብሎ አሳቀን። ሽማግሌው ምስጢሩ ቁንጥር ጨው ነው አለው። አንተ ግን ሁለት ጉንጭ ጠጣህና ሮጠህ ወደ ባሕሩ ዳር ሄድክ፤ ብርጭቆህን እንዳለ ውኃው ውስጥ ገለበጥከው። ምን ሆነህ ነው ስልህ፦

«ባሕሩ ጨው ጨው ይላል፤ እንዲጣፍጠው ብዬ» አልከኝ።

አባትህ እስኪሞት ድረስ ይህችን እያነሣ ይስቅ ነበር። ሻይ ቤቱንም ሲከፍትልኝ ስሙን ከዚያች ደሴት አወጣው። አንተም ሁመሩን በጠጣህ ቁጥር የባሕሩን ወሬ እያወራህ አደግህ፤ ኋላም ባሕር ኃይል ገባህ። ምድር ጦር ከሚወስድህ ይሻላል ብዬ እኔም እልል አልኩ። በጥር የጻፍክልኝን ደብዳቤ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ምጽዋ ሁመር ይጠጣል፣ ያንቺን ግን አያህልም ያልከውን የሻይ ቤቱ ደንበኛ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

ከዚያ የካቲት መጣ። ሬዲዮኑ ዘፈን ብቻ ነው የሚያሰማን። ሰው ግን ምጽዋ አለቀላት ይላል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ፤ የተረፉት በመርከብ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ተሻግረዋል ተባለ። እኔ የያዝኩት ይሄንን ነው። አንተ ደሴት ታውቃለህ። ዳህላክ የሚጠጣ ውኃ የለም ሲሉ ሰማሁና ሌሊቱን እህል ውኃ አላልኩም፤ አንተ እየጠማህ እኔ ምን አንጀት አለኝ።

ስለዚህ የኩብራን ወንድም በድሪን ለመንኩት። አሰብ ነው የሚመላለሰው፣ ትልቁን መኪና ይዞ። አሰብ ደግሞ የባሕር ኃይል ሰዎች አሉ፤ ዳህላክ ላሉት ከዚያ ይላካል አሉኝ። የደረቀ ሁመር በጨው ለውሼ፣ የታመሰ ለውዝ፣ ከሐረር ያስመጣሁትን ጣፋጭ ሐላዋ፣ ትንሽ ተምር ጨምሬ፣ ያቺን ጥለቷ አረንጓዴ የሆነችውን ነጠላዬን ቀድጄ ቋጠርኩልህ። ስምህን በወረቀት ጽፌ ሰፋሁበት። በድሪ ከመሄዱ በፊት እዚህ ተቀምጦ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፤ ዝንጅብል የበዛበት ነው የሚወደው። እናቴ፣ ባገኘው እጁ ላይ፣ ባላገኘው የሚያውቀውን ሰው ፈልጌ እሰጥልሻለሁ ብሎኝ ሄደ።

ከትናንት በስቲያ ተመለሰ። መኪናዋን በጡሩምባዋ አውቃታለሁ፤ እዚህ ደጃፍ ስትደርስ ሁልጊዜ ታናፋለች። ያን ቀን ግን ዝም ብላ አለፈች። ጨርቄን እንደያዝኩ ወጣሁ፤ በድሪ ወደኔ አልዞረም። ደክሞት ይሆናል አልኩ። ከአሰብ እስከዚህ በረሃው ቀላል አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ስኳር ልጠይቅ ኩብራ ሱቅ ሄድኩ። ከበርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ነበር። ስታየኝ ሻዩን አስቀምጣ ተነሣች፣ ስኳሩን ሳልናገር ሰፈረችልኝ፤ በድሪ ተኝቷል፣ አሞታል አለችኝ። ከጀርባዋ ከስኳር ጆንያው ሥር አንድ ቋጠሮ አየሁ። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ደግሞ በዚህ ከተማ ሞልቷል። ቀረብ ብዬ አላየሁትም።

ከሰዓት በኋላ ኩብራ ራሷ መጣች። አንተ ታውቃታለህ፣ ገና ከበር ሳትገባ አንቺ እቴነሽ፣ ሁመርሽን አምጪ፣ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ የምትል ሴት ናት። ዛሬ ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ቀዳሁላት፤ ስኳሩን ከራሷ ስኳር አበዛሁት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው፣ ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጾመኛ ነኝ» አለችኝ፤ «በረመዳን ያመለጠኝን እያካካስኩ ነው።»

ጠዋት ሻይ ስትጠጪ አላየሁሽም ወይ አላልኳትም። ረስታ ጠጥታ ይሆናል። ረስቶ የጠጣ ጾሙ አይፈርስም ብላ ራሷ ነግራኝ ታውቃለች። አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ለኔ ስትዪ ብዬ ለመንኳት። እጄን ያዘችኝ እንጂ ብርጭቆውን አልያዘችም።

«ነገ ሻይ ቤቱን አትክፈቺ» አለችኝ፤ «ጠዋት ከቤት አትውጪ። እንመጣለን።»

«ከማን ጋር?»

«ከነበድሪ ጋር። እትዬ ወለተጊዮርጊስም ይመጣሉ።»

«እሳቸው ጫማ አልገባ ብሏቸው የለ እንዴ?»

«በባዶ እግራቸውም ቢሆን ይመጣሉ» አለችና ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወጣች።

እንግዲህ ልጄ፣ ነገ እንግዳ አለብኝ። ያለውን ሁመር ሁሉ አሁን ዘፍዝፌዋለሁ። ብርጭቆዎቹን በአመድ አጥቤ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ለበድሪ ዝንጅብል አበዛለታለሁ፣ ለእትዬ ቀጠን አደርግላቸዋለሁ፤ ሆዳቸውን ያማቸዋል። ይጠጣሉ። እኔ ቆሜ ነው የማጠጣቸው፣ አንድ በአንድ። የኩብራንም ብርጭቆ አልደፋሁትም፤ ክዳን አድርጌበት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ነገ ጾሟን ስትፈታ ትጨርሰዋለች። ጠጥተው ሲያበቁ ይህን ደብዳቤ ለበድሪ እሰጠዋለሁ፤ ወደ አሰብ ሲመለስ ያደርስልኛል።

አንተ ብቻ አይጥማህ። ጀልባ ላይ የጠራኋት ማርያም ከማዕበሉ ከልላ፣ አባትህ ባሳየህ ባሕር ላይ በደኅና ታንሳፍፍህ። የእናትህን ጡት የጠባ አንደበት በባዕድ አሸዋ ላይ አይድረቅ። እኔ በሩን አልዘጋም።

እናትህ
እቴነሽ