የቡሬው ኮረብታ ሙግት

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ አልልሽም፤ አንቺ ካለሽበት ክረምት የለም። እኛ ዘንድ ግን በሰኔ ከተለየሽን ወዲህ ዝናሙ አባርቶ አደይ ፈንድቷል። የምጽፍልሽ እስከ ሞትሽ ድረስ ስትጨነቂበት የኖርሽው ነገር ስላለቀ ነው። ኮረብታው አልተወሰደብንም!

አንቺ ካረፍሽ ወዲህ ጎረቤታችን አያ ቢተው ባሰበት። ወደ ጢስ ዓባይ የሚያልፉት ፈረንጆች ላንድሮቨራቸውን አቁመው እኛ ዘንድ ማደር፣ ማለዳም ከኮረብታው ላይ አገሩን ቁልቁል ማየት ስለወደዱ፣ ለእንግዳ ቤታችን ከነቦታው ቋመጠ። «አገሩን ያቀናው የእኔ ቅድመ አያት ወልደ ሚካኤል ነው፣ የእናንተ ዘለቀ ኋላ የመጣ ሰፋሪ ነው» አለ። አንቺ ደግሞ ለእንግዳ ሁሉ ዘለቀ ጫካውን መንጥሮ አንበሳ እንደገደለ ታወሪ ነበር፤ አንበሳውም በየዓመቱ ያድግ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ስንመላለስ ከርመን፣ ዳኛው ነገሩን ለአገር ሽማግሌ መለሰው። ዋርካው ሥር ተቀምጠው ትውልድ ቁጠሩ አሉን። እሱ እስከ ወልደ ሚካኤል፣ እኔ እስከ ዘለቀ፣ ከነአባታቸውና ከነሚስታቸው ቆጠርን። አንድ አያት ብዘል ቤት የለኝም። ስንጨርስ ሽማግሌው ቄስ፣ መምሬ ይትባረክ፣ ሳቃቸው መጣ።

«ምነው ልጆቼ፣ የዘለቀም የወልደ ሚካኤልም አባት አንድ፣ የሁለቱም ሚስት አንዲት! አንድ ሰው ለሁለት ከፍላችሁ ትሟገታላችሁ?» አሉ።

ለካ ዘለቀ የዓለም ስሙ፣ ወልደ ሚካኤል የክርስትና ስሙ ኖሯል። የአያ ቢተው ወገን ካህናት ስለበዙበት በክርስትና ስሙ ሲጠራው፣ እኛ ገበሬዎቹ በዓለም ስሙ ስንጠራው ኖርን። አያ ቢተው፣ «ከገዛ ሥጋዬ ጋር ኖሯል የምሟገተው!» ብሎ መጥቶ ጉንጬን ሳመኝ። ኮረብታው የጋራ ርስት ሆነ፣ ቤቱም ለእኔ ጸና። ከሞትሽ ወዲህ የበላሁት እህል ሰውነቴን ያገኘው ያን ዕለት ነው። አሁን ለፈረንጆቹ ታሪኩን የምነግር እኔ ነኝ፤ አንበሳውን ግን አንቺ ካደረስሽው በላይ አላሳደግሁትም።

ልጄ ደብሪቱ አንቺን አያቷን ጥሩወርቅ ብላ ነው የምታውቅሽ። በተዝካርሽ ካህኑ ወለተ ሥላሴ እያለ ሲጸልይልሽ፣ ማን ናት ብላ ጠየቀችኝ። አያትሽ ናት አልኋት፤ ሁለቱንም ስምሽን አንድ ላይ አስጠናኋት። እኔ እስካለሁ፣ ከእኔም በኋላ እሷ እስካለች፣ አንቺን ማንም ለሁለት አይከፍልሽም፣ እናቴ።